የእትዬ ክብሪት

ሳስተምር ቀኝ እጄ ኪሴ ይገባል። ኪሴ ውስጥ የክብሪት ቀፎ አለ፤ ሳላስበው እነቀንቀዋለሁ፣ እንጨቶቹም ይንኳኳሉ። ስለ ጋዝና ስለ ፈሳሽ ልዩነት እያስረዳሁ ሳለ እንኳ የክብሪቱ ድምፅ ከእኔ ድምፅ ሥር ሥር ይሰማል። አንድ ቀን ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ሲጋራ ጀመሩ እንዴ?» ስትለኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሲጋራ አላጨስም። ክብሪቱም የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው።

የአደራው ባለቤት እትዬ ናቸው። ካርቲየ 5 በሚባለው የዚህ ወደብ ከተማ ሰፈር፣ እኔ በምከራይበት ግቢ ሁሉም ሰው «እትዬ» ብቻ ይላቸዋል፤ ስም አይጨመርበትም። አባታቸው ለባቡሩ ሥራ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እትዬ የተወለዱት ዛሬም በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው። በግቢው ጫፍ፣ ከጎረቤቱ ነዳጅ ማደያ በሚያዋስነን ግንብ ሥር፣ ጠባብ ማዕድ ቤትና ረጃጅም ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ዳስ አላቸው። ዶራሌ ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቁ የአገራችን ሹፌሮች መኪናቸውን እዚያ አቁመው በታክሲ እስከዚህ የሚመጡት ለእትዬ ሽሮና ለእትዬ ስድብ ነው። ያልበላ ይሰደባል። በልቶ ቶሎ ያልተነሳም ይሰደባል። ያልተሰደበ ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን ብሎ ሲጨነቅ ይውላል።

እኔ ክፍሌ ከበሩ አጠገብ ነው። እዚህ ከተማ የመጣሁት በማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት ሳይንስ ላስተምር ነው። ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ሰው ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ፤ ሰው ግን ይነግረኛል።

ሽታው የጀመረው ከጉድጓዱ ነው። በግቢያችን መሐል ከባቡሩ ዘመን የተረፈ የውሃ ጉድጓድ አለ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ ጨው ጨው ስለሚል ግን ለመጠጥ አይሆንም፣ ልብስና ወለል እናጥብበታለን። አንድ ጠዋት ባልዲው ሲወጣ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ተኝቶበት ነበር። ሲያንቀሳቅሱት ይጠማዘዛል፣ ሲተውት ተመልሶ ይዘረጋል። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ማዕድ ቤት ወለል ስንጥቅ ቤንዚን ቤንዚን ማለት ጀመረ። እትዬ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሹፌሮቹን ነበር። «ማናችሁ ናችሁ ጫማችሁን በነዳጅ የምታጥቡት?» ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ ሁሉንም በር ላይ ጫማ አስወለቁ።

ጥፋቱ የጫማ አልነበረም። መለኪያ የያዙ ሰዎች መጥተው መረመሩ፤ የማደያው አሮጌ የመሬት ውስጥ ታንክ ተበስቶ ኖሯል። ማን ምን ያህል ጊዜ እንደዘገየ የተባለውን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የማደያው ባለቤት ማሽን ያለው ድርጅት ቀጠረ፣ ለእኛም ትእዛዝ መጣ። መሬቱ ጸድቷል ተብሎ እስኪፈረም ድረስ በግቢው ውስጥ እሳት አይለኮስም። ሻማም፣ ምድጃም፣ ሲጋራም። ማዕድ ቤቱ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም፤ የቤንዚኑ እንፋሎት የሚጠራቀመው እዚያ ነውና።

እትዬ ድስቶቻቸውን ጭነው ጋቦዴ ሰፈር ወደምትኖረው የእህታቸው ልጅ አፓርታማ ሄዱ። እዚያ እያበሰሉ በታክሲ እያመጡ ዳሱ ሥር ቀዝቃዛ ወጥ ማቅረብ ጀመሩ። የእህታቸው ልጅ ባል መርከብ ላይ ይሠራል። እሱ እስኪመለስ ድረስ ነው የተፈቀደላቸው፤ እሱ የሽንኩርት ሽታ አይወድም። ስለዚህ ነገሩ ሩጫ ነበር፤ መሬቱ ይቀድማል ወይስ መርከቡ?

ትእዛዙ በመጣበት ቀን፣ ሰዎቹ ሄደው ግቢው ጸጥ ሲል፣ እትዬ ከመቀነታቸው ክብሪት አውጥተው ሰጡኝ።

«መምህር፣ ይሄን ያዝልኝ።»

«ምን ላድርገው?»

«ምንም አታድርገው። እኔ ጋ ካለ እጄ አያርፍም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠዋት ተነስቼ ካማተብኩ በኋላ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። በእንቅልፍ ልቤ ጭሬው ግቢውን ባነደውስ?»

«ሌላ መግዛት ይችላሉ እኮ፤ ሱቁ በሩ ላይ ነው።»

«ሌላ ከገዛሁማ ምኑን አደራ ሆነ? አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፈተና ታደርገዋለህ።»

ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ያረፉትን ያህል እኔ አላረፍኩም።

ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለግቢው ሰው ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከታንክ ሲፈስ ወደ ታች ይሰርጋል። ውሃው ጋ ሲደርስ ግን ከውሃ ስለሚቀል መስመጡን ትቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ይተናል፤ እንፋሎቱ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል እየተሹለከለከ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ቤት ይገባል። ቆፍሮ ማውጣት ማለት ቤቶቹን ማፍረስ ነው። ስለዚህ ቆፋሪ ሳይሆን ጠጪ መጣ። ጎናቸው የተበሳሳ ቱቦዎች እስከ ውሃው ድረስ ተተከሉ። ሁሉም በአንድ ወፍራም ቱቦ ግንቡን ተሻግረው ማደያው ውስጥ ከተቀመጠ ኮንቴይነር ጋር ተገናኙ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፓምፕ አየር ይስባል። በቱቦዎቹ ውስጥ አየሩ ሲሳሳ፣ መሬት ውስጥ ያለው አየር ከነቤንዚን እንፋሎቱ ወደዚያ ይሮጣል፤ የተንሳፈፈውንም ቤንዚን ከውሃው ጋር ይዞት ይመጣል። ፈሳሹ ለብቻው ይጠራቀማል። እንፋሎቱ ከሰል በተሞሉ በርሜሎች ውስጥ ያልፍና ቤንዚኑን ለከሰሉ ትቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ይህን ስነግራቸው እትዬ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የኔን ከሰል ከልክለው ለራሳቸው ከሰል ገዙ?»

ከሁሉም የከበደው የላስቲኩ ነገር ነበር። ግቢውን በሙሉ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ አነጠፉበት፤ ነፋስ እንዳያነሳው ላዩ ላይ አሸዋ ደፉበት። «መሬቱን አፍነውት እንዴት ይነጻል?» ይላል ሰው። ስለዚህ ብልቃጥ አመጣሁ። አሸዋ ሞላሁበት፣ ከሽቶዬ ጥቂት ጠብታ እታች አፈሰስኩበት፣ የመድኃኒት መርፌ የሚሰካበትን ፕላስቲክ ስሪንጅ በስትሮ ቀጥዬ መሐሉ ላይ ተከልኩ። አፉን በፌስታል አሰርኩና ዳር ዳሩን ብቻ በሳሁ። ስሪንጁን ስስበው አየሩ ከዳር ገብቶ አሸዋውን ሁሉ አቋርጦ መጣ። እትዬን አስሸተትኳቸው፤ ሽቶ ነው። ቀጥዬ ፌስታሉን ከስትሮው ሥር ወጋሁትና እንደገና ሳብኩ። አሁን ምንም አይሸትም።

«አያችሁ?» አልኩ። «ፓምፕ ሰነፍ ነው። አየር ከቅርብ ካገኘ ከሩቅ አያመጣም። ላስቲኩ የተነጠፈው ከሩቅ እንዲያመጣ ነው።»

ከእትዬ ደንበኞች ሁሉ የቆየው ሹፌር፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው፣ ብልቃጡን አንስቶ አሸተተና፣ «ቲቸር፣ ሽቶው ግን ለማን ነበር የተገዛው?» አለኝ። ትምህርቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ማሽኑን የሚጠብቀው ቴክኒሻን የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው። ሶማልኛ አፉን የፈታበት፣ ፈረንሳይኛ የተማረበት፣ አማርኛ ደግሞ ከእትዬ ስድብ የለቀመው ነው። በፈረንሳይኛ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጨርሳል። እኔን «ፕሮፍ» ይለኛል። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ወደ ኮንቴይነሩ እሄዳለሁ፤ ሰዓት በሚመስል ክብ መለኪያ የስበቱን ኃይል፣ በሌላው መለኪያ ከመሬት የወጣው አየር ስንት ቤንዚን እንደያዘ ያሳየኛል። ማሽኑ ያቃስት ነበር። ልብስ ሳሰጣ፣ ፈተና ሳርም፣ ስተኛ፣ ያ ረጅም ማቃሰት አለ። ሹፌሩ መጀመሪያ ሲሰማው ጆሮውን አዘንብሎ፣ «ይሄ ነገር ጭነት በዝቶበታል፤ ማርሽ ቀንሱለት» ብሎ ነበር።

ከዚያ የግቢያችን ሽማግሌ ሞቱ።

የባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ የእትዬ አባት የሥራ ባልደረባ፤ ልጅ ያልነበራቸው፣ እትዬ እንደ አጎት የሚያዩአቸው። ያረፉት ክሊኒክ ውስጥ ሲሆን ምክንያቱም እርጅና እንጂ ቤንዚን አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነው። ለቅሶ ያለ ድንኳን አይሆንም። ዕለቱ ዓርብ፣ የዚህ ከተማ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ቴክኒሻኑም ፈቃድ ወስዶ ለጥቂት ቀናት የለም። የማደያው ዘበኛ ለቀስተኛውን አይቶ ማሽኑን በራሱ ፈቃድ አጠፋው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ፤ ለቅሶውም ጥርት ብሎ ተሰማ።

እኔ በሩን ያዝኩ። ሥራዬ እሳት እንዳይገባ መጠበቅ ነበር። ከሚገቡት ሁሉ ሲጋራና ላይተር ተቀበልኩ፤ ጧፍ የያዙ እናቶችን እየተለማመጥኩ መለስኩ። ቄሱ ጽና ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕጣኑን ከበሩ ውጭ ቢያጥኑ።»

«ለሙት ጸሎት ከበር ውጭ?»

«ከሥራችን ቤንዚን አለ አባ።»

እግራቸው ሥር ያለውን አሸዋ አዩ። እኔንም አዩኝ። ከዚያ ደፍ ላይ ቆመው ጢሱን ወደ ውስጥ እያወዛወዙ ፍትሐቱን አደረሱ። ነፋሱ ከባሕር በኩል ስለነበር ዕጣኑ ራሱ ገባ።

እንግዲህ ሁላችንም ዓይናችን እሳት ላይ ነበር። ከጀርባዬ ሹፌሩና ጓደኞቹ ድንኳኑን ያቆማሉ። ሸራ ወጥሮ ማሰር ከከባድ መኪና ሹፌር ወዲያ ማን ያውቃል? ከመኪናቸው ብረት አምጥተው በመዶሻ እየመቱ ካስማ ተከሉ። እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ ያዝዛሉ፤ «ወዲያ በለው፣ በሩን ዘጋኸው። አንተ፣ እሱን አጥብቀው፣ ነፋስ ነው ያለው።» አሸዋው ላስቲኩን ሸፍኖታል፤ ላስቲክ መኖሩንም በዚያ ሰዓት ያስታወሰ አልነበረም። ድንኳኑ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ። ሠልስቱ ሲያልፍ ፈታቱት፣ ካስማዎቹን ነቀሉ፣ አሸዋውን በመጥረጊያ አስተካከሉ። ዘበኛው ማሽኑን አስነሳ።

በሚቀጥሉት ቀናት መለኪያው መውረድ ጀመረ።

ቴክኒሻኑ ሊዘል ምንም አልቀረውም። «ፕሮፍ፣ ና እይ። መሬቱ እየነጻ ነው፣ ዋላሂ።» በእርግጥም ከቱቦው የሚወጣው አየር ቤንዚን ሊይዝ ቀርቶ የሚሸት አልነበረም። አለቆቹ እሑድ እንደሚመጡ፣ ልኬቱ እንዲሁ ከቆየ ፈርመው ማሽኑን እንደሚነቅሉ ነገረኝ። ወሬው ከእኔ በፊት ጋቦዴ ደረሰ። እትዬ ከታክሲ ሲወርዱ ድስቱን ለእኔ አሸክመው ማዕድ ቤታቸው በር ላይ ቆሙ፤ የተቆለፈውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ክብሪቴን።»

«እሑድ ይፈረማል እትዬ። እስከዚያ።»

«እሑድ የእህቴ ልጅ ባል ይመጣል። መርከቡ ገብቷል።»

«ታዲያ ተገጣጠመ አይደል? መሬቱ ቀደመ።»

ሳቁ። ሲስቁ ካየሁ ቆይቼ ነበር። እጃቸውን አጠፉና፣ «እሑድ ጠዋት ግን ደብተር ይዘህ እንዳትመጣብኝ» አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን መቀመጥ አቃተኝ። ፈተና ለማረም ወረቀት ዘርግቼ እነሳለሁ፤ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ክብሪቱን እነቀንቃለሁ። ምን እንደጎደለኝ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። የጎደለው ማቃሰቱ ነበር። ማሽኑ አሁን እንደ ጠገበ ድመት ነው የሚያንኮራፋው። ለቅሶው ላይ አርፎ በርትቶ የተነሳ መስሎኝ ነበር፤ ማሽን ግን አያርፍም፣ ይቆማል እንጂ። ሄጄ የስበቱን ሰዓት አየሁ፤ እሱም ወርዷል። ለቴክኒሻኑ ብነግረው፣ «መሬቱ ተከፈተ ማለት ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ነው» አለኝ። እሑድን አሻግሮ እያየ ነበር። እኔም እሑድን አሻግሬ ማየት ፈልጌ ነበር።

ወደ ጉድጓዱ ሄድኩና ባልዲውን ጣልኩ። ሲወጣ ቀስተ ደመናው እንዳለ ነው። ሳንቀሳቅሰው ተጠማዘዘ፣ ስተወው ተመልሶ ተዘረጋ።

ተማሪዎቼን የምጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። ውሃው ላይ ቤንዚን አለ፤ ከመሬት ወጣ የሚባለው አየር ግን ንጹሕ ነው። ታዲያ አየሩ የሚመጣው ከየት ነው?

ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከሙቀት ተሸሽጎ በተኛበት፣ አጎንብሼ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ከአንዱ ቱቦ አጠገብ አሸዋው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አየሁ፤ ዙሪያዋ ወደ ውስጥ የተንሸራተተ። የከረሜላ ወረቀት አፏ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። አነሳሁትና ስለቀው ተመልሶ ሄደ። መዳፌን አስጠጋሁ። መሬቱ ሳበኝ፤ በቀስታ፣ ግን ሳያቋርጥ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ሌላ አገኘሁ። ቀጥሎም ሌላ። ቀና ስል ጎድጓዳዎቹ ያሉበት መስመር ታየኝ። የድንኳኑ ጎን ነው። ካስማው ሲነቀል ላስቲኩ ላይ የቀረው ቀዳዳ በየቱቦው ሥር ነው የዋለው፤ ፓምፑም ከሩቅ ማምጣቱን ትቶ የባሕሩን ንጹሕ ነፋስ ሲጠጣ ሰንብቷል። ብልቃጡ ላይ ያሳየሁት ነገር እንዳለ ግቢያችን ላይ ሆኖ ነበር።

ቀጥታ ወደ ቴክኒሻኑ መሄድ ይገባኝ ነበር ይባል ይሆናል። አልሄድኩም። እትዬ ዳሱ ሥር ሳህን እየደረደሩ ነበር፤ መጀመሪያ እሳቸው ማወቅ አለባቸው አልኩ። ነገርኳቸው። ስጀምር ቆመው ነበር፤ ስጨርስ ተቀምጠዋል።

«ታዲያ ለሟች ድንኳን አይተከል ነው የምትለው?»

«ይተከላል እትዬ። ግን…»

«ግኑን ተወው። ቀዳዳውን ማን አየ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

ሳህኑን በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር፣ እንደገና ጠረጉት። «እሑድ ቢፈርሙ፣ አንተም ዝም ብትል፣ ማዕድ ቤቴ ይከፈታል።»

«ይከፈታል።»

«ዝም ማለት አትችልበትም መቼም፤ እናትህ ሳይታገሱህ ነው የወለዱህ።»

«ዝም ካልኩ ክብሪቱን እሰጥዎታለሁ» አልኩ። ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «የሚጭሩት እርስዎ ነዎት። ወለሉ ሥር ምን እንዳለ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እነዚህ ወንበሮች ላይ ደግሞ እነማን እንደሚቀመጡ ያውቃሉ።»

ክብሪቱን አላዩትም። ያዩት ወንበሮቹን ነበር። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና፣ «የት ነው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። ተንበርክከው መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አሳረፉ። ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

«ይጠባል» አሉ። «እንደ ጡት ልጅ ይጠባል እኮ።»

«አዎ።»

«ስንቱን አገኘህ?»

«የዚህኛውን ጎን ብቻ።»

ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ያኛው እዚህ ጋ ነበር፤ በሩን ዘጋኸው ብዬ ወዲያ ያስወሰድኩት። ያኛው ደግሞ እዚያ፤ ነፋስ ስለነበር ሁለት አስመታሁበት።» በባዶ እግራቸው በጋለው አሸዋ ላይ እየሄዱ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ በየቦታው ጠጠር አኖርኩ። ስንጨርስ የድንኳኑ ቅርጽ በጠጠር መሬት ላይ ተሥሎ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ተመልሰው ክብሪቱን አነሱና ኪሴ ውስጥ ራሳቸው ከተቱት። «ሂድ ለዚያ ልጅ ንገረው» አሉኝ። «እሑድ መጥተው ከፈረሙ በኋላ ቢደርሱበት እሱንም ያባርሩታል።»

ቴክኒሻኑ ጠጠሮቹን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ፕሮፍ፣ ሁለት ቀን ብትታገሰኝ ምን ነበር?» አለኝ። ቀጥሎ ግን መዳፉን ዝቅ አድርጎ ራሱ ፈተሸ። ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር አመጣ፤ በየቀዳዳው እየሞላን ላስቲኩን በላስቲክ ለጠፍንበት። አሸዋውን ስንመልስ ከግንቡ ማዶ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ ጎርነን አለ። ቀጥሎ ያ ረጅም ማቃሰት መጣ። የስበቱ ሰዓት ወጣ፤ በማግሥቱ የቤንዚኑ ልኬትም ወጣ። እሑድ አለቆቹ መጥተው አይተው ሳይፈርሙ ሄዱ።

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ዶራሌ ነበር፤ ስልክ ደወልኩለት።

«እኔ እኮ ድንኳን ነው የተከልኩት» አለኝ፤ «ጉድጓድ አልቆፈርኩም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ማሽኑስ?»

«ያቃስታል።»

«ጭነቱ ተመለሰለታ» አለ። ቀጥሎም፣ «እትዬስ? አሁን የት ሊያበስሉ ነው?» አለኝ።

መልሱን ራሱ አገኘው። የእህታቸው ልጅ ባል በመጣ ማግሥት ሹፌሩ ድስቶቹን ከጋቦዴ አነሳ። እትዬ አሁን ዶራሌ ላይ፣ ከቆሙ መኪኖች መካከል፣ በሹፌሮቹ ቡታጋዝ ያበስላሉ። ከሁለት መኪና ጎን ለጎን የተወጠረ ሸራ ጥላቸው ነው። አቧራውን ይጠሉታል፤ ጀርባቸውን ያማቸዋል፤ አንዱ መኪና ጭነት ሲደርሰው ጥላው አብሮት ስለሚሄድ ምጣዱንና ድስቱን ይዘው ሌላ መኪና ይፈልጋሉ። ጥሩ ሆነ አልልም። ስድባቸው ግን ከጠረጴዛ ወደ ጎማ መዞር አላቃተውም። ማሽኑ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀረው ቴክኒሻኑን ስጠይቀው ትከሻውን ያነሳል። እኔም ለእትዬ ሳስረዳ እንደ ድሮው አልረዝምም። መሬት የጠጣውን ቶሎ አይተፋም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እንዳንተ» ይሉኛል፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠይቅም።

የሽማግሌው አርባ ሲደርስ ድንኳን ያስፈልግ ነበር። እትዬ ጉዳዩን ለእኔ አላቀረቡትም፤ ሹፌሩን ጠርተው፣ «ያለ ካስማ» ብቻ አሉት። በማለዳ ያረጁ የከባድ መኪና ጎማዎች እያንከባለለ መጣ። በየማዕዘኑ አስቀምጦ አሸዋ ሞላባቸው፣ ገመዱን በጎማዎቹ አሰረ። ድንኳኑ ትንሽ ዘንበል ቢልም ቆመ። ቄሱ ሲደርሱ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና ያኔ በቆሙበት ደፍ ላይ ቆሙ። ዘበኛው ማሽኑን ሊያጠፋ ከግንቡ ማዶ ድምፁን ሲያሰማ እትዬ ከድንኳኑ ውስጥ ሆነው፣ «ተወው፣ እሱም ያልቅስ» አሉት። ጸሎቱ ከነማቃሰቱ ተደረሰ።

የቀረው የክብሪቱ ነገር ነው። የዚህ ከተማ እርጥበት ጨውን ያቀልጣል፣ ክብሪትንማ እንዴት ይምራል? አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን እንጨት ብጭረው ጭንቅላቱ እንደ ጭቃ ተፈረካከሰ። ሁለተኛውም። ከሱቁ አዲስ ክብሪት ገዛሁና እንጨቶቹን እትዬ በሰጡኝ ቀፎ ውስጥ ገለበጥኳቸው፤ የቀፎውን መጫሪያ ጎን እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቀለልኩት። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። የሚጭሩበት ቀን ሲመጣ በመጀመሪያው እንዲበራላቸው ነው የምፈልገው።

ከዶራሌ ሲመለሱ ከሚኒባሱ ወርደው በክፍሌ በር በኩል ያልፋሉ። «ክብሪቴን» ማለት ትተዋል።

«አለ?» ይሉኛል።

ኪሴን እነቀንቅላቸዋለሁ። ሰምተው ይገባሉ።